የአማቴ ዶሮ ሆድ

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔን መልሳችሁ ባትጠይቁኝም አልቀየምም፤ ለምጄዋለሁ። ጅቡቲ፣ ካርቲየ 3 በሚባለው ሠፈራችን ውስጥ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ ሰላምታውን የሚጀምረው «ዶሮዋስ?» ብሎ ነው። «ተሽሏታል» ካልኩት «ተመስገን!» ይልና መንገዱን ይቀጥላል። እኔ ወገቤን ይዤ፣ ዓይኔ ጎድጉዶ፣ ሸሚዜ ላይ ምንነቱን የማላውቀው ነገር ደርቆበት እዚያው ቆሜ እቀራለሁ። የእኔ ሆድ ሞላ ጎደለ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዶሮዋን ሆድ ግን ሠፈሩ ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ዶሮዋ የአማቴ የእማማ በላይነሽ ናት። እማማ በላይነሽ አባታቸው በምድር ባቡር ሥራ ጅቡቲ ገብተው የቀሩ፣ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ ያረጁ ሴት ናቸው። ዶሮዋን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ለገና ብሎ ከድሬዳዋ አምጥቶላቸው ነበር አሉ። ልትታረድ በታሰበበት ጠዋት ታዲያ ሄዳ ሄዳ፣ እማማ ለቤተ ክርስቲያን አጥፈው ያስቀመጡት ነጠላ ላይ እንቁላል ጣለች። እማማም «ስጦታ ይዛ የመጣችን እንግዳ አላሳርድም» ብለው ማሯት። ስሟንም ሽታዬ አሏት። ያኔ ስሙ የፍቅር ነበር፤ አሁን ግን ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ገና በር ላይ ሆኖ ይስማማበታል።

ዕድሜዋን በትክክል የሚያውቅ የለም። እኔ ልጃቸውን ትርሲትን ለማግባት ሽማግሌ ስልክ፣ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው የነገሩኝ ሁለት ነገር ነው፤ ልጅቷ እንደተፈቀደችልኝና አንዲት ዶሮ ከእግራቸው ሥር አልነሣ ብላ እንዳስቸገረቻቸው። እማማ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «ሽታዬ እኮ ልጅ ናት» ይሉ ነበር። ልጅቷ ላባዋ ሳስቷል፣ እንቁላል የሚባል ነገር ረስታለች፣ ስትሄድም እንደ ጡረተኛ ቆም እያለች ነው።

ያም ሆኖ እማማ ይህን አያዩም፤ የዓይን ሞራ ጋርዷቸው ነበር። ድሬዳዋ ሞራ የሚገፍ ጎበዝ ሐኪም አለ ተብሎ ቀጠሮ ተያዘ። ትርሲት ልትወስዳቸው ሻንጣ ከዘጋች በኋላ እማማ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው «ሽታዬን ለማን ጥዬ? አልሄድም። ዓይኔም ይቅር» አሉ። ትርሲት ወደ እኔ ዞረች። አማች ደግሞ በአማቱ ፊት አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። «እኔ አለሁ እማማ፤ ከራሴ አስቀድሜ ነው የማያት!» አልኩ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱም ደርሶብኛል።

በሁዳዴ አጋማሽ እናትና ልጅ በባቡር ሄዱ። ሞራው ተገፈፈ፤ ሁሉም በሰላም አለቀ። ትርሲት ደውላ «ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ አስጠንቅቋል» አለችኝ። «ቁስሉ እስኪጠግ እማዬ ማልቀስ የለባትም። ሽታዬ አንድ ነገር ከሆነች ታለቅሳለች። ካለቀሰች ዓይኗ ይበላሻል። ዓይኗ ከተበላሸ ደግሞ…»

«ደግሞ ምን?»

«እሱን አንተው ጨርሰው» ብላ ዘጋችው።

እኔም ጨረስኩት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሽታዬ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። እህል ብሰጣት አልነካችም። ከአንገቷ ሥር የበላችው የሚጠራቀምበት ከረጢት የልጆች ኳስ አክሎ ተወጥሯል፤ አፏን ስትከፍት የሰነበተ ሊጥ ይሸታል።

በር ለበር የሚጎራበቱን ሐጂ ሙሜ የተባሉ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ዘር ማንዘራቸው ከሐረር ነው። ከሰዓት በኋላ ጫት ከተማ ሲገባ እሳቸውም እንደ ሀገሩ ሁሉ በረንዳቸው ላይ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ትራስ ተደግፈው ይቅማሉ። የማይቃመውን ገራባ ወደ ጎን ይጥሉታል። እኔ አምቡሊ አየር ማረፊያ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ላቤን ሳፈስ፣ ሽታዬ ለካ እዚህ በርጫ ላይ ቋሚ አባል ሆናለች።

«ሐጂ፣ ዶሮዋን ጫት አበሏት?»

«እኔ አላበላሁም አቦ! ራሷ ናት የምትመጣው። እንግዳ ይባረራል እንዴ?»

«እንጨቱን ሳይቀር ውጣዋለች እኮ!»

«እሱንስ እኔም ታዝቤያለሁ» አሉ። «ወላሂ፣ አቃቃሟ ትንሽ ይቸኩላል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም ሆኑ። በመጀመሪያ «አየር ትቀይር፤ የባሕር ነፋስ ሆድ ያፍታታል» አሉኝ። ሽታዬን በዘንቢል አድርጌ ራስ ዲካ ወሰድኳት። ባሕሩ ዳር ቁጭ ብለን ነፋስ ስንቀበል አላፊ አግዳሚው ሁሉ ዘንቢሉን እየገለጠ «ዋ ኢምሳ?» ይለኛል፤ ስንት ነው ማለቱ ነው። አትሸጥም ስላቸው «ታዲያ ለምን አመጣሃት?» ይላሉ። እንድትናፈስ ነው ይባላል? አንዱማ ገለጥ አድርጎ አሸተተና «ብትከፍለኝም አልወስዳት» ብሎ ሄደ። ሆዷም አልተፍታታ፤ የእኔ መላጣ ግን በፀሐይ ተላጠ።

በዚህ መሐል የየቀኑ ስልክ አለ። እማማ ከእኔ ጋር ሰላምታቸውን ቶሎ ይጨርሱና «እስቲ ሽታዬን አሰማኝ» ይላሉ። ሌላ ጊዜ ስልኩን ወደ ዶሮዋ ሳስጠጋው ታወራለች። አሁን ግን ትንፍሽ አላለችም። እማማ «ሃሎ? ሽታዬ? ምነው ዝም አለች?» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ እንባ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ምን ላድርግ? ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ኮክ… ኮክ ኮክ» አልኩ።

እማማ ሰሙ።

«ድምጿ ጎርነን አለብኝሳ?»

«ጉንፋን ብጤ ይዟት ነው፤ ሙቀቱ ከበረታ በኋላ ቬንቲላተር እየከፈትኩላት።»

«አይ፣ ነፋስ አታስመታት ልጄ» አሉ ደስ ብሏቸው። እኔ ቤተሰብ የማስተዳድር፣ በመሥሪያ ቤቴ በፈረንሳይኛ «መስዩ»፣ ማለትም ጌታዬ፣ የምባል ሰው፣ ከዚያ ዕለት ወዲህ በቀን አንድ ጊዜ ዶሮ ሆኜ ስልክ አወራ ጀመር።

ሐጂ ሙሜ ቀጥለው ያዘዙት የሰሊጥ ዘይት አጠጥቶ አንገቷን በቀስታ ማሸት ነው። ማሸቱን ቻልኩበት። ማጠጣቱ ላይ ግን ዘይቱን እኔ፣ ምንጣፉና ግድግዳው ተካፈልነው። ስለዚህ ጠብ ጠብ አድርጎ የሚያወርድ ነገር ፍለጋ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ መነጽር ያደረገች፣ በፈረንሳይኛ ለስለስ አድርጋ የምታናግር የሶማሌ ሴት ናት።

«ለማን ነው መስዩ?»

ለዶሮ ማለት አፈርኩ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። «ቤታችን ላሉ አንዲት አሮጊት» አልኩ።

«ምናቸውን ያማቸዋል?»

«የበሉት አልወርድ ብሏቸው ነው።»

«ዕድሜያቸው?»

«እሱ በትክክል አይታወቅም።»

«እሺ፣ ክብደታቸውስ?»

መድኃኒት በክብደት እንደሚሰጥ ስለማውቅ እዚህ ላይ መዋሸት ፈራሁ። «ሁለት ኪሎ አይሞሉም» አልኩ።

ፋርማሲስቷ መነጽሯን አወለቀች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «መስዩ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አሮጊቷ ላባ አላቸው?»

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ስትጨርስ ግን መርፌ የሌለው ሲሪንጋ ሰጠችኝና «ዘይቱን በዚህ አንጠብጥብላት። እህል አቁም፤ እርጎና የተቀቀለ እንቁላል አድቅቀህ ስጣት። የአያቴን ዶሮ እንዲህ ነበር የምናስታምማት» ብላ ሸኘችኝ።

እንግዲህ አስቡት። ሁዳዴ ነው። እኔ ከሥራ ተመልሼ ያችን ግድግዳ የሚመረግባት የምትመስል ሽሮዬን ሠርቼ እበላለሁ፤ ባለቤቴ ሳለች ወጥ ሠርቼ አላውቅም። ከዚያ በፊት ግን እንቁላል እቀቅላለሁ፣ እልጣለሁ፣ አደቃለሁ፣ እርጎ እለውሳለሁ። ክርስቲያን ቤት ውስጥ በዐቢይ ጾም ፍስክ የምትበላ አንዲት ዶሮ ብቻ ናት፤ የምትበላው ደግሞ የራሷን ዘመድ ነው። እንቁላሉ ሲሸተኝ ምራቄን ውጬ ፊቴን አዞራለሁ። ጣቴ ላይ የቀረችውን እርጎ እንኳ ሳልልስ በውሃ አጥባለሁ። ሽታዬ ደግሞ እያየችኝ ቀስ ብላ ነው የምትበላው፤ ሆን ብላ ነው እላለሁ።

አንድ ቀን ከጥጉ ሱቅ እርጎዬን በእጄ ይዤ ስወጣ ከእትዬ ፈለቀች ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። እትዬ ፈለቀች የእማማ የማኅበር ጓደኛ ናቸው። እርጎውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «አይ ዘመን!» አሉና አለፉ። ተከትዬ «ለዶሮ ነው» እንዳልል ወሬው በዚያው አፍታ ድሬዳዋ ይገባል፤ ዶሮዋ መታመሟ ይሰማል፤ እንባ ይመጣል። እርጎዬን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ዝም ብልም ወሬው ድሬዳዋ ለመግባት አልዘገየም።

በማግስቱ ስልክ ሲደወል እማማ ሽታዬን አሰማኝ አላሉም።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ሰማሁ» አሉ። «ከፈለቀች ነው የሰማሁት። በሁዳዴ እርጎ ይዘህ አይታሃለች። እውነት ነው?»

እውነቱን መናገር እንዴት እንዳማረኝ! ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ጾም ገድፌ አላውቅም። በሌላ የምኮራበት ነገር የለኝም፤ በጾሜ ግን እኮራለሁ። «እማማ፣ እኔ እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። ሽታዬ እግሬ ሥር አንገቷን አቀርቅራ ቆማለች። የሐኪሙ ቃል ታወሰኝ።

«አዎ እማማ» አልኩ። «ደከመኝና ገደፍኩ።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «አይዞህ፣ ሰው ነህ» አሉ በሐዘን። «ለንስሐ አባትህ ንገር። ስመጣ እኔም እሰግድልሃለሁ።» እንዲህ ሲሉኝ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሽታዬን «ስምሽም ኃጢአትሽም በእኔ ላይ ወጣ» አልኳት። እሷም እግሬ ላይ ኮሰች። ከሰሞኑ ካየሁት ሁሉ ግን ይሻላል ብዬ ጎንበስ ብዬ ስመረምረው ራሴን ያዝኩት። ኩስ አይቶ ደስ የሚለው ሰው ሆኜ ነበር።

ደስታዬ ግን አልቆየም። እማማና ትርሲት ለፋሲካ ሊመለሱ ቅዳሜ በባቡር እንደሚገቡ ነገሩኝ። ዋዜማው ዓርብ ስቅለት ነበር። ቀኑን ሙሉ ስሰግድ ውዬ፣ ግድግዳ እየተደገፍኩ ማምሻውን ወደ ግቢያችን ስገባ ሽታዬ መሬት ላይ ተዘርራለች። ዓይኗ ተከድኗል። የአንገቷ ከረጢት እንደገና ተነርቷል። ሐጂ ሙሜ አጠገቧ ተቀምጠዋል፤ በእጃቸው ቢላ ይዘዋል።

«ምን ሆነች?»

«ትራሴ ሥር የወደቀ ገራባ ነበር። እንቅልፍ ሲወስደኝ ጠብቃ ነው የገባችው» አሉ እያፈሩ። «እንግዲህ አልቋል አቦ። በክት ሆና ከምትቀር ሳትሞት ትታረድ። እሷም ነፍስ ናት።»

«እርስዎ ካረዷት እኛ አንበላትም።»

«እሺ አንተ እረዳት።»

«እኔ ካረድኳት እርስዎ አይበሏትም። ደግሞም ዛሬ ስቅለት ነው፤ ቢላ አላነሣም።»

«እኔን ስቅለት ምን አገባኝ? ልረዳት።»

«አርደዋት ማን ሊበላት?»

ሐጂ አሰቡ። «ድመት» አሉ።

«ለድመት ብለው ነው ቢስሚላህ የሚሉት?»

«ታዲያ ያለ ቢስሚላህ ልረድ? ምን ታደርገኛለህ አንተ ሰውዬ?»

ክርክሩ ከረረ። እኔ ዲያቆን ሳልሆን ቀኖና እጠቅሳለሁ፤ እሳቸው ሼህ ሳይሆኑ ፈትዋ ይሰጣሉ። ሁለታችንም የምንለውን አናውቅም። እኔ ስከራከር ለሃይማኖት ይመስላችኋል? ቢላውን ከአንገቷ ላርቅ ነው። ነገ እማማ መጥተው «ሽታዬ!» ብለው ሲጠሩ ማን ነው ወጥቶ የሚቀበላቸው እያልኩ ነው። ሐጂም ቢላውን ወደ ኋላቸው ሲያሸሹ አየሁ፤ ለካ እሳቸውም ማረድ አልፈለጉም፤ የበርጫ ጓደኛቸው ናት።

ጭቅጭቃችን መሐል ሽታዬ ተንፈራገጠች። ሐጂ ደንግጠው ጭናቸው ላይ አነሷት። እኔ አንገቷን ይዤ እንደለመድኩት ሳሽ፣ ከውስጧ አንድ የተጎነጎነ አረንጓዴ ነገር ጎርጎር እያለ መጥቶ በሐጂ ነጭ ሽርጥ ላይ ተዘረገፈ። ከኋላዋም ኩሱ ተከተለ። ከዚያ ቆመች፤ ላባዋን አራገፈች፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እህል ፍለጋ ሄደች።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሐጂ፣ ሽርጣቸውን ሳያዩ። እኔም «ተመስገን» አልኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔ ማልቀስ አልተከለከልኩም።

ቅዳሜ ታክሲ በራችን ላይ ቆመ። እማማ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ የትርሲትን ክንድ ይዘው ወረዱ። ሽታዬ ወጥታ ተቀበለቻቸው። እማማ መነጽራቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አይዋት።

«ይቺ ናት?» አሉ። «ምነው እንዲህ አረጀች? ልጅ አልነበረችም እንዴ?»

ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ስንት ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። እጃቸውን ዘርግተው የአንገቴን አጥንት ዳሰሱት። ሸሚዜ ትከሻዬ ላይ እንደተሰቀለ ልብስ ሆኗል። «እርጎ የበላ ሰው ነው እንዲህ የሚከሳው?» አሉ። ዓይናቸው ዞሮ መሬት ላይ ያለውን የእርጎ ሳህንና ነጭ የሆነውን የሽታዬን አፍ አየ። እንደገና እኔን አየ። እማማ የተከፈተ ዓይን ነው ይዘው የመጡት።

«እሷ ናት የበላችው?» አሉ። «አንተ ለእኔ ብለህ ጾም ገዳፊ ተባልክ?» ብለው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች ትርሲት። «ሐኪሙ ምን አለ?»

«ተዪኝ! ለዶሮ ብዬ አላለቀስኩም፤ ለልጄ ነው!»

አማቴ ከዚያ በፊትም ልጄ ብለውኝ ያውቃሉ፤ ሁሉም አማት ይላል። የዚያን ቀን ግን ሰማሁት።

እማማ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ አበሱና ወገባቸውን ጠበቅ አደረጉ። «ትርሲት፣ ውሃ ጣጂ። አንተ ቢላ አምጣ። ይቺ ዛሬውኑ ትታረዳለች። ነገ ፋሲካ ነው፤ ልጄ በመረቋ ይጠገን። ዶሮ ለሰው ተፈጠረ እንጂ ሰው ለዶሮ አልተፈጠረም!»

ትርሲት ወደ ጓዳ አመራች። ሐጂ ሙሜ በረንዳቸው ላይ ከትራሳቸው ቀና አሉ። ሽታዬ ጫማዬ ላይ ቆማለች።

«አይሆንም» አልኩ።

ትርሲት ቆመች። በትዳራችን ዘመን ይህን ቃል ከአፌ አልሰማችውም።

«ምን አልክ?» አሉ እማማ።

«አትታረድም እማማ።»

«ዶሮዋ የኔ አይደለችም እንዴ?»

«ነበረች» አልኩ። «አሁን የኔ ናት።»

እማማ እኔን አዩ፣ ዶሮዋን አዩ። ሊስቁ ነው ሊቆጡ ነው ብዬ ሳስብ ጥቁር መነጽራቸውን ቀስ ብለው መልሰው አጠለቁ። «ደግ» አሉና ወደ ቤት እየገቡ ጣታቸውን ኩስ ወደሞላው በረንዳችን ቀሰሩ። «እንግዲያው ኩሷን አንተ ጥረግ።»

መጥረጊያውን አነሣሁ።